ማን የት ከረመ? ክረምትና የደጋው ገበሬ ጎተራ
(በባምቢስ አካባቢ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር)

ያለንበት ሰፈር ባምቢስ የተባለው በአንድ ሱፐርማርኬት ስም መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የዛሬው ርእሴም ከዚሁ ይነሣል። እኛ ከተሜዎች ዱቄት ሲያልቅብን ጃንጥላ ይዘን ወደ ሱቅ እንወጣለን። ለደጋው ገበሬ ግን ሱቁ የገዛ ጎተራው ነበር። ጎተራው ሐምሌ ላይ ከተራቆተ፣ ወንዙ ሞልቶ የገበያው መንገድ ሲቆረጥ፣ ከዘመድና ከአራጣ አበዳሪ ደጅ በቀር መሄጃ አልነበረውም። ዛሬ የምጠይቀው ይህ ቤተሰብ ከሰኔ እስከ መስከረም እንዴት ያልፍ እንደነበር ነው።

በቋንቋችን «ከረመ» ማለት ክረምቱን አሳለፈ ማለት ነው። ከወራት በኋላ ስንገናኝ «እንዴት ከረማችሁ?» እንባባላለን፤ ክረምቱን የተሻገረ ሰው የጊዜን ከባዱን ክፍል እንደተሻገረ ይቆጠራልና። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠርም ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የተወሰነ ዘመን ነው። የግእዝ ዜና መዋዕሎቻችን ይህንኑ ግስ አዘውትረው ይጠቀማሉ፤ ንጉሡ በዚህ ዓመት በዚህ ስፍራ ከረመ ይሉናል። ዘመቻ የበጋ ሥራ ስለነበር የክረምቱ ሰፈር የዓመቱ ምዕራፍ መዝጊያ ነበር። ዓፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራዝ፣ ጉባኤ በተባለው ስፍራ ይከርሙ እንደነበር ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1636 ዓፄ ፋሲለደስ የቆረቆሯት ጎንደርም ከዚሁ ልማድ ተለይታ አትታይም። እንግዲህ ነገሥታቱ የት እንደከረሙ እናውቃለን። እነሱንና ሠራዊታቸውን የቀለበው ገበሬ እንዴት እንደከረመ ግን ጸሐፊዎቹ እምብዛም አልነገሩንም።

በዚህ ጉዳይ ከወቃሾቹ ይልቅ ከተወቃሾቹ ወገን ነኝ። የዶክትሬት ጥናቴን ስሠራ የግብር መዝገብ ስቆጥር ኖሬ፣ ክረምትን አንዳች ነገር ያልተፈጸመበት ወቅት አድርጌ በሁለት ዓረፍተ ነገር አለፍሁት። ገጠር ተወልዳ ያደገችው እናቴ የጥናቴን ፍሬ ነገር ሳጫውታት አዳምጣ ስታበቃ፣ «ታዲያ ያን ጊዜ ምን በሉ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ያደረግሁት ጥናት ሁሉ ለዚያች ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው ማለት እችላለሁ።

ክረምቱ የሚጀመረው ከዝናቡ በፊት ነው። በበጋ ኩበት ይጠፈጠፋል፣ ይደርቃል፣ ዝናብ በማያገኘው ስፍራ ይከመራል። የጎጆው ክዳን በሰንበሌጥ ይታደሳል፤ በቤቱ ዙሪያ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይቆፈራል። ለእረኛው ገሳ ይሰፋል፤ እንደ መንዝ ባለው ብርዳም አገር የበግ ጠጉር ተፈትሎ ባና ይሠራል። ጨውም ወንዝ ሳይሞላ አስቀድሞ ይገዛል።

ከባዱ ነገር ግን የእህሉ ስሌት ነበር። ጤፍ በሚዘራበት በሐምሌ ገበሬው ለዘርና ለምግብ የሚሆነውን ከአንድ ጎታ ይጨልፋል። ዘሩን ቢበላ የሚቀጥለውን ዓመት በላ ማለት ነው። በነሐሴ የአረሙ ሥራ ሲበረታ ደግሞ ጎታው ይብሱን ይጎድላል። ጉልበት እጅግ በሚፈለግበት ወር ጉልበት የሚሰጠው ምግብ ያንሳል። ይህን ሚዛን የሚጠብቁት እማወራዎቹ ነበሩ። እናቴ እንደምትለው፣ ሴት እህል በቁና መስፈር ትታ በእፍኝ መቁጠር ስትጀምር ቤተሰቡ ሁሉ ነገሩ ይገባዋል። እንጀራው ወደ ቂጣ፣ ቂጣው ወደ ንፍሮ፣ ንፍሮውም ወደ ጎመንና ሳማ ይወርዳል። እስከ ሐምሌ 5 የሚዘልቀው ጾመ ሐዋርያትና ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው ጾመ ፍልሰታ በነዚሁ ወራት ይውላሉ። ጾም ከእጦት የተነሣ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሁሉም በአንድነት በሚጾምበት ሰሞን ግን የድሃው ማጣት ከሰው ዓይን ይሰወር ነበር።

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንምጣ። ጎተራ በግቢው ውስጥ ለማንም የሚታይ ነው። ጉድጓድ ግን ከመሬት በታች ነው፤ አፉ ተደፍኖ አፈር ሲለብስ ከባለቤቱ በቀር የሚያውቀው የለም። የጉድጓድ እህል እርጥበት ያገኘዋል፤ ሽታውና ቀለሙ ይለወጣል። ታዲያ ገበሬው ይህን እያወቀ እህሉን ስለምን ይቀብራል? አንዱ ምክንያት ነቀዝና እሳት ነው። ሌላው ወታደር ነው። ሠራዊቱ በክረምት በየአገሩ ሲበተን በገበሬው ቤት እየተመራ ይቀለብ ነበር። ጎተራው የታየበት ገበሬ እስከ መስከረም ያሰበው እህል በሐምሌ ያልቅበታል። ስለዚህ ጉድጓዱን እንደ ሰነድ አድርጌ አነበዋለሁ፤ ገበሬው ከእህሉ ጥራት ከፊሉን ከፍሎ ምስጢር የገዛበት ውል ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ዓፄ ምኒልክ የአሥራት ግብር ሲደነግጉ ከዓላማዎቹ አንዱ ይህን ሸክም ማቃለል ነበር፤ ይሁንና ልማዱ በአዋጅ ብቻ ፈጥኖ አልጠፋም።

አዋጁ የወጣው በክፉ ቀን ማብቂያ ገደማ መሆኑንም ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1887 በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው የከብት ደስታ በሽታ በሬውን ጨረሰው። ከዚያ ወዲያ ዝናብ በጣለበት ስፍራ እንኳ የሚያርስ አልተገኘም። ዓፄ ምኒልክ ሕዝቡን ለማበርታት ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው የሚተረከው ስለዚህ ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1858 እንዳስገባው የሚነገርለት ድንችም ለብዙ ዓመታት ገበሬውን ሳይማርከው ቆይቶ፣ ከዚያ መከራ ወዲህ ቦታ እያገኘ ሄደ። እህል ሳይደርስ የሚደርስ፣ ከአፈር በታች ሆኖ የሚጠብቅ ምግብ ለክረምት ረሃብ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት አንድ አባባል ስለሚያሳስበኝ ነው። የክረምት ረሃብ የተፈጥሮ ነው፣ ዝናቡ ሲያልፍ ያልፋል ይባላል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የገጠሩን ለረሃብ መጋለጥ መርምረው ያስገነዘቡን ግን ድርቅ ብቻውን ረሃብ እንደማይሆን ነው፤ ገበሬውን አስቀድሞ ያራቆተው ሥርዓት መጠየቅ አለበት። በ1966ቱ የወሎ ረሃብ ያየነውም ይህንኑ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም እህል የሚያጥርባቸውን ወራት ለመሙላት መታሰቡ፣ ጥያቄው ዛሬም እንዳልተዘጋ ያሳያል።

ውድ ተማሪዎች፤ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ወደ ቤተ መዛግብት ስትሄዱ የግብሩን መዝገብ አንብቡ፤ አስፈላጊ ነው። ግብሩ የተከፈለበትን ወር አይታችሁ ግን ጣታችሁን ወደ ሐምሌና ነሐሴ አውርዱ፤ ከክፍያው በኋላ በጎታው ውስጥ ስንት ቁና ቀረ ብላችሁ አስሉ። መዝገቡ ካልመለሰላችሁ በየቤታችሁ እህል የሰፈሩ እናቶችና አያቶች አሉ፤ ሳይረፍድ ጠይቋቸው። የእኔዋ ጠይቃኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ መልሼ ልጠይቃት ሲገባኝ ዘገየሁ።