የቡናው አገርና የደራሲው ድምፅ

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና አገር ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው ምርቱ ነው። የሚዛን ተፈሪ፣ የቴፒ፣ የጎሬና የመቱ ስም ከቡና ጆንያ፣ ከማያቋርጥ ዝናብና ከጭቃማ መንገድ ጋር ተያይዞ ይጠራል። ይኸው አገር ግን ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ አንድ ታላቅ ደራሲ አበርክቷል። በዓሉ ግርማ በ1930ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የተወለደው በኢሉባቦር፣ ሱጴ በምትባል ሥፍራ ነው፤ በቀድሞው አከፋፈል ቴፒም የዚሁ የኢሉባቦር ግዛት አካል ነበረች።

አገሩ ሩቅ ይሁን እንጂ ከዓለም የተቆረጠ አልነበረም። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር፣ በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። የኢሉባቦር ቡና ከደጋው ወደ ጋምቤላ እየወረደ፣ በክረምት ባሮ ሲሞላ በመርከብ ወደ ሱዳን ይጓዝ ነበር። ንግዱም የውጭ አገር ነጋዴዎችን ወደ አካባቢው ሳበ። የበዓሉ አባት ሕንዳዊ ነጋዴ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። ኦሮምኛ በሚነገርበት አገር፣ ከሁለት ወገን የተወለደው ይህ ልጅ ኋላ ስሙ የተጠራው በአማርኛ ድርሰት ነው። እንግዲህ የራሱን ድምፅ ያገኘው በውርስ አይደለም፤ በሥራ ነው።

በዓሉ ከሱጴ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በዩኒቨርሲቲ ተማረ። ከዚያም በአሜሪካ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪውን አገኘ። ወደ አገሩ ሲመለስ የያዘው ሙያ ጋዜጠኝነት ነበር። በመነን መጽሔት፣ በአዲስ ሪፖርተር፣ በኢትዮጵያን ሄራልድና በአዲስ ዘመን በአዘጋጅነት ሠርቷል። የጋዜጣ ሥራ ጊዜ አይሰጥም፤ ገጽም አያተርፍም። ነገሩን ባጭሩ መናገርን፣ የሰውን ንግግር እንዳለ መስማትን ያስተምራል። በዓሉ በልብ ወለዱ የሚታወቅበት አጭር ዓረፍተ ነገርና ፈጣን ምልልስ ከዚህ ልምድ ጋር የተሳሰረ ነው።

በዚያን ጊዜ ለጀማሪ ደራሲ የሚቀዳ አርአያ አልጠፋም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ረጅምና የተዋበ ትረካን ከከፍተኛ ደረጃ አድርሶት ነበር። በዓሉ ያንን መንገድ አልተከተለም። በ1962 ዓ.ም. ባሳተመው «ከአድማስ ባሻገር» የአዲስ አበባን የተማረ ወጣት ኑሮና ጭንቀት፣ ከተሜው ራሱ በሚናገርበት ቋንቋ አቀረበ።

ከሁሉ ይልቅ ስለ ደራሲው አሠራር የሚያስተምረው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ1966 ዓ.ም. በወጣው «የሕሊና ደወል» በዓሉ ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ። የታሪኩ ባለቤት ሐዲስ የተባለ ወጣት መምህር ነው፤ ምኞቱም በኢሉባቦር ትምህርት ቤት ማሠራት ነው። መጽሐፉ ታትሞ በአንባብያን እጅ ከገባ በኋላ ሌላ ሰው ቢሆን ሥራው ተፈጸመ ብሎ በተወው ነበር። በዓሉ ግን አልተወውም። ያንኑ ታሪክ እንደገና ጽፎ፣ አስፍቶ፣ በ1975 ዓ.ም. «ሐዲስ» በሚል ርእስ አወጣው። በሁለቱ መካከል 9 ዓመት አለ፤ በእነዚህም ዓመታት አገሪቱ አብዮትን አይታለች፤ ደራሲውም ሌሎች መጻሕፍት ጽፏል። በሠላሳዎቹ ዕድሜው የጻፈውን በአርባዎቹ ሲያየው ሊሻሻል የሚገባው ሆኖ አገኘው፤ የታተመ ስም አላሳፈረውም፣ አላሰነፈውምም።

በዚሁ መካከል «ደራሲው»ን ጻፈ። የመጽሐፉ ዋና ሰው ሲራክ ራሱ ደራሲ ነው፤ ብዙ አንባብያን በሲራክ መልክ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን አይተዋል። ጸሐፊ ከኑሮውና ከሕሊናው ጋር የሚገጥመው ትግል በዓሉ በሩቁ የሚመለከተው ጉዳይ እንዳልነበረ ከዚህ ይታወቃል።

ትግሉ ዋጋ አስከፍሎታል። በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣንነቱ በቅርብ ተመለከተ። ያየውንም «ኦሮማይ» ብሎ በ1975 ዓ.ም. አሳተመ። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉ ግን ኖረ፤ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ቀርቧል።

የደራሲው ፍጻሜ አሳዛኝ ነው፤ የሥራው ታሪክ ግን በማናቸውም ሙያ ላይ ላለ ሰው ትምህርት ይሰጣል። ገና የተመረቀ መሐንዲስ ከመማሪያ መጽሐፍ ያገኘውን ንድፍ ለሌላ አፈርና ለሌላ ዝናብ የተሠራ መሆኑን ሳያስተውል ቢገለብጠው አያስገርምም። የራሱ የሚባል ሥራ የሚጀምረው የሚሠራበትን መሬት ሲለካ፣ ቀጥሎም የገዛ ንድፉን መልሶ ዘርግቶ ሲመረምር ነው። በዓሉ ግርማ አዲስ አበባንና አሜሪካን አይቶ፣ ሙያውን አደርጅቶ፣ መለኪያውን ይዞ ወደ ሱጴ ተመለሰ፤ ለዚያውም ሁለት ጊዜ። ድምፁን ያገኘው በዚህ ምልልስ ነው።