የሕንድ ወርቅና የጉምሩክ ቀረጥ

ስለ ጉምሩክ ቀረጥ ሲነገር በመጀመሪያ የሚታሰበው የመንግሥት ገቢ ነው። በሕንድ አገር ግን የወርቅ ቀረጥ ዋና ዓላማ ሕዝቡ ወርቅ ከመግዛት እንዲቈጠብ ማድረግ ነበር። ይህ ዓላማ ለምን በተደጋጋሚ እንዳልተሳካ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሕንድ ከገዛ ምድሯ የምታወጣው ወርቅ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ አብዛኛውን የምታስመጣው ከውጭ አገር ነው፤ ለዚህም ብዙ የውጭ ምንዛሪ ይወጣል። በገንዘብ ሚኒስቴር መዝገብ ይህ እንደ ጉዳት ይቈጠራል። ባንክ ለራቀው ገበሬ ግን ወርቅ ጌጥ ብቻ አይደለም። ሙሽራዪቱ በሠርጓ ቀን የምትቀበለው አምባርና የአንገት ሐብል በሂንዱ ሕግ የራሷ ሀብት ነው። ዝናብ በጠፋበት ዓመት የሚሸጠው ወይም በመያዣነት የሚሰጠው ይኸው ነው።

በ1962 ከቻይና ጋር ጦርነት ከተነሣ በኋላ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሞራርጂ ዴሳይ በጥር 1963 የወርቅ ቁጥጥር ደንብ አወጡ። ከ14 ካራት በላይ የሆነ ጌጥ እንዳይሠራ ተከለከለ። በአገሩ ልማድ የሚወደደው 22 ካራት ስለ ነበረ ገዢው 14ቱን አልፈለገውም፤ ብዙ አንጥረኞችም ከነቤተ ሰባቸው ያለ ሥራ ቀሩ። በእኔ አስተያየት ከሕጉ ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ሸክሙ የወደቀው ወርቅ ባከማቸው ባለጸጋ ላይ ሳይሆን መዶሻና ወናፍ ብቻ በነበረው ሰው ላይ ነውና። በ1968 የወጣው ሕግ ደግሞ ግለሰቦች የወርቅ ጡብና ሳንቲም እንዳይይዙ አገደ። በዚያን ዘመን ወርቁ ከዱባይ በጀልባ እየተጫነ በስውር ወደ ቦምቤይ ጠረፍ ይገባ ነበር። ሕጉ በ1990 ተሻረ፤ ከ1992 ጀምሮም በቀረጥ ማስገባት ተፈቀደ።

በ2013 ግን የውጭ ምንዛሪ ጉድለት ስለ በረታ፥ በጥር 6 በመቶ የሆነው ቀረጥ እስከ ነሐሴ 10 በመቶ ደረሰ። ተሠርቶ በሚመጣ ጌጥ ላይ በመስከረም 15 በመቶ ተጣለ፤ ምክንያቱ የአገሩን አንጥረኛ ለመጠበቅ ነው ተባለ። ከ50 ዓመት በፊት ሥራ ያስፈታው መንግሥት አሁን ጠበቃ ሆነ ማለት ነው! የጥሬ ወርቁ ቀረጥ መጨመር ግን ኮንትሮባንዱን እንደገና አስነሣው።

ነገሩ በቀላል ሒሳብ ይታያል። በ2022 የጥሬ ወርቅ ቀረጥ 15 በመቶ ሲሆን፥ 1 ኪሎ ግራም ሰውሮ ያሳለፈ ሰው የ150 ግራም ወርቅ ዋጋ ከቀረጥ ያተርፋል። ይህም በመንገደኛ መቀነት ውስጥ ሊሸሸግ የሚችል ነገር ነው። በሐምሌ 2024 መንግሥት ቀረጡን ወደ 6 በመቶ ባወረደው ጊዜ ያ ትርፍ ወደ 60 ግራም ወረደ።