የጨረር ሕክምና ለሚከታተሉ ታካሚዎች የሚደረግ የቆዳ እንክብካቤ

ከወላይታ ሶዶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና የሚከታተሉ የካንሰር ታካሚዎች፣ ጨረሩ ያረፈበት ቆዳቸው ሊጠቁር፣ ሊደርቅና ሊያሳክክ ይችላል። ይህ የሕክምናው የጎንዮሽ ጉዳት እንጂ የበሽታው መባባስ ምልክት አይደለም። ጉዳቱ ሕክምናው ካበቃ በኋላም ለ1 ወይም 2 ሳምንት ሊበረታ ስለሚችል፣ እንክብካቤው ወደ ቤት ከተመለሱም በኋላ መቀጠል ይኖርበታል።

ቆዳውን ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ሳይፈትጉ ማጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ እርጥበቱን ማንሳት፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ መልበስና ከፀሐይ መከለል ይገባል። ሐኪም ያላዘዘውን ቅባት፣ ቅቤም ሆነ የባህል መድኃኒት መቀባት አይመከርም። ውጥረትን ለማቅለል ቀስ ብሎ በጥልቀት መተንፈስ ይረዳል። ቆዳው ከቆሰለ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከተከሰተ ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወደሚገኝ የጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።