የችግር አሰሳ

ፕሮዳክት ዲስከቨሪ፦ የሶፍትዌር ቡድን ምን እንደሚሠራ ከመወሰኑ በፊት የሰዎችን ችግር በቦታው ተገኝቶ የሚያይበት፣ ያሰበውንም መፍትሔ በትንሹ የሚሞክርበት የሥራ ምዕራፍ። የአማርኛ አቻ፦ የችግር አሰሳ።

ቃል በቃል ቢተረጎም «የምርት ግኝት» በተባለ ነበር። ይህን በታች አርማጭሆ ወረዳ፣ በሳንጃ ከተማ ብትናገሩት ግን ሰው የሚረዳው ሌላ ነው። በዚያ ምርት ማለት አውድማ ላይ የተከመረ ማሽላ፣ በጆንያ የገባ ሰሊጥ ነው። «ግኝት»ም የፍለጋውን ፍጻሜ እንጂ ፍለጋውን አይነግረንም። «ዳሰሳ» ይቀርባል፤ ሆኖም መጠይቅ ይዞ ብዙ ሰው ለሚጠይቅ ጥናት አስቀድሞ ተይዟል። አሰሳ የአዳኝ ቃል ነው። አዳኝ ዱካ ይከተላል፤ ዱካው ወዳላሰበው ጥሻ ቢወስደውም ይሄዳል። ለዚህ ሥራ የሚስማማው እርሱ ነው።

አንድ ቡድን የሰሊጥ ዋጋ የሚያሳይ መተግበሪያ ለመሥራት አሰበ እንበል። አዲስ አበባ ላይ ሲያስቡት ያምራል። ዋጋን በስልክ መስማት ግን አዲስ ነገር አይደለም፤ በ2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ929 የድምፅ መስመር ዋጋ ያሰማ ነበር። ቡድኑ በአጨዳ ሰሞን ወደ ሳንጃ ቢወርድ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ያገኛል። የሰሊጡ ቅጠል ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር ለገበሬው የቀሩት ቀናት ጥቂት ናቸው። ከዘገየ ፍሬውን የያዘው ቅርፊት ደርቆ ከጫፉ ይሰነጠቅና የዓመት ልፋቱ መሬት ላይ ይፈስሳል። የጎረቤቱም ሰሊጥ በዚያው ሰሞን ስለሚደርስ ሁሉም ከደጋ የሚወርደውን ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። እንዲህ ሲሆን «ስንት ይሸጣል?» የሚለው ጥያቄ ለ«ማን ያጭደዋል?» ቦታውን ይለቅቃል።

ችግሩ ስለታወቀ ግን ወዲያው ኮድ አይጻፍም። በዚህ ሙያ ስመ ጥር የሆነው አሜሪካዊ ጸሐፊ ማርቲ ኬገን አራት ስጋቶች አስቀድመው እንዲፈተሹ ይመክራል። በአማርኛ እንዲህ ልንጠይቃቸው እንችላለን፦

ሰው ይፈልገዋል ወይ?
አጠቃቀሙን ይችለዋል ወይ?
እኛ ልንሠራው እንችላለን ወይ?
ለድርጅቱ ያዋጣል ወይ?

የመጀመሪያውን ለመፈተሽ አንድ ስልክና አንድ ደብተር ይበቃል። አንድ ሰው ሳንጃ ላይ ለሳምንት ተቀምጦ ገበሬና አጫጅ እየደዋወለ ያገናኝ። ስልኩ ፋታ ካጣ መንገዱ ተገኝቷል፤ የሚደውል ከጠፋም የባከነው አንድ ሳምንት ብቻ ነው።

የሁለተኛው ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ 8028 ነው። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. ያስጀመረው ይህ መስመር ለገበሬው የግብርና ምክርን በድምፅ ያደርሳል። ገበሬው ይደውላል፣ ቁጥር ይጫናል፣ በቋንቋው ያደምጣል። ስማርት ስልክ አያስፈልገውም፤ ማንበብ ባይችልም ምክሩ አያመልጠውም።

በሥራ ላይ ቃሉ እንዲህ ይነገራል፦ «ገና አሰሳ ላይ ነን»፤ «ያን ሐሳብ በአሰሳ ጣልነው»። ሁለተኛውን ስትሰሙ ቡድኑን አመስግኑት። ዓመት ይበላ የነበረን ሥራ በሳምንት ዘግቶ፣ ጉልበቱን ለአጨዳው አትርፏል።