ፒንክ ሙን፦ በሁለት ሌሊት የተቀዳው የ28 ደቂቃ አልበም

ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ሰምታችሁ የምትጨርሱት አልበም አለ። የእንግሊዛዊው የፎልክ ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ ኒክ ድሬክ “ፒንክ ሙን” ነው፤ 11 ዘፈን፣ 28 ደቂቃ ገደማ። ዛሬ ስሙ ትልቅ ነው፤ ሲወጣ ግን ዞር ብሎ ያየው ጥቂት ሰው ነበር። ታሪኩን በአጭሩ እንንገራችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

🎸 እንዴት ተሠራ?
ድሬክ ቀደም ብሎ “ፋይቭ ሊቭስ ሌፍት” እና “ብራይተር ሌይተር” የሚሉ ሁለት አልበሞች አውጥቶ ነበር። ሁለቱም ላይ ብዙ አጃቢ ሙዚቀኞች አሉ፤ ግን አልተሸጡም። በ1971 ኦክቶበር ለንደን ወደሚገኘው “ሳውንድ ቴክኒክስ” ስቱዲዮ የድምፅ ባለሙያውን ጆን ዉድን ብቻ ይዞ ገባ። በሁለት ሌሊት አለቀ። ድምፁና ጊታሩ፣ በቃ! የአልበሙ መጠሪያ ዘፈን ላይ ብቻ ራሱ የተጫወተው ትንሽ ፒያኖ አለች።

📰 ሃያሲያኑ ምን አሉ?
አልበሙ በ1972 ፌብሩዋሪ በ“አይላንድ ሬከርድስ” በኩል ወጣ። “ሜሎዲ ሜከር” ላይ የጻፈው ሃያሲ ሙዚቃው ደጋግመው ሲሰሙት እንደሚስብ፣ ግን ሁሌም ከሰሚው እንደሚደበቅ ገለጸ። “ሳውንድስ” ደግሞ ሰውዬው ምስጢራዊነቱን ትቶ ራሱን ቢያደራጅ ይሻለዋል ዓይነት አስተያየት ሰጠ። ስድብ አይደለም፤ ጉዳዩ ግን ድሬክ በጊዜው በድብርት እየተሰቃየ ነበር። መድረክ ላይ አይወጣም፣ ቃለ መጠይቅ አይሰጥም። ዝምታውን እንደ ጠባይ ያዩበት ሰዎች ነበሩ፤ ሕመም ነበር።

በ1974 ኖቬምበር፣ ገና በ26 ዓመቱ አረፈ።

🌙 ከዚያስ?
ስሙ በአድናቂዎችና በሙዚቀኞች አፍ ቀስ እያለ ሲዛመት ቆየ። በ1999 ቮልስዋገን መጠሪያ ዘፈኑን ለመኪና ማስታወቂያ ተጠቀመበት፤ ሽያጩ ድንገት አሻቀበ። “ሮሊንግ ስቶን” መጽሔትም የምንጊዜም 500 ምርጥ አልበሞች ዝርዝሩ ውስጥ አስገባው።

አሁን አሁን ብዙ ሰው አልበሙን እንደ መሰናበቻ ነው የሚሰማው። እኛ ግን እዚህ ላይ ቆም እንላለን። የመጨረሻው ዘፈን “ፍሮም ዘ ሞርኒንግ” ስለ ንጋት ነው፤ ታንዎርዝ ኢን አርደን በሚገኘው መቃብሩ ላይ የተቀረጸውም ከዚሁ ዘፈን የተወሰደ ስንኝ ነው። ያኔ ዝምታውን ኩራት ማለት ስህተት ከነበረ፣ ዛሬ ዘፈኑን ሁሉ የሞት ደብዳቤ ማድረግም ያው ስህተት ነው።

ባይሆን ጆሮ ማዳመጫ ሰክታችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስሙትና እናንተው ፍረዱ። ዝም ያለ ጓደኛ ካላችሁም ዛሬ ደውሉለት።