ቅሪተ አካል ያለባቸውን ድንጋዮች በማንከባለያ ማሽን ማለስለስ

ቅሪተ አካል ያለባቸውን ድንጋዮች በማንከባለያ ማሽን ማለስለስ ማለት የጥንት እንስሳት ወይም ዕፅዋት ቅሪት የያዙ ድንጋዮችን ከውሃና ከፋቂ ዱቄት ጋር በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ከትቶ፣ ገጻቸው ለስላሳና አንጸባራቂ እስኪሆን ድረስ እርስ በርሳቸው እንዲፋተጉ ማድረግ ነው። ማሽኑ ሮክ ተምብለር በመባል ይታወቃል። አነስተኛው ዓይነት በቤት ውስጥ የሚሠራ ሲሆን በተለይ በአሜሪካ ድንጋይ ሰብሳቢዎች ዘንድ የተለመደ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው።

የሥራው ውጤት በአብዛኛው የሚወሰነው ቅሪተ አካሉ ከምን ማዕድን እንደተሠራ ነው። በሲሊካ የተተካ ቅሪት ለሳምንታት ተንከባሎ ይበልጥ ጎልቶ ይወጣል። በካልሳይት የተሠራ ቅሪት ግን በተመሳሳይ ጊዜ ውስጥ ተፍቆ ሊያልቅ ይችላል። የተፋቀ ቅሪተ አካል ደግሞ አይመለስም።

አሠራር

ማሽኑ የሚያደርገው ወንዝና ማዕበል ለብዙ ዘመን የሚያደርጉትን ነው። በርሜሉ በሞተር ኃይል ቀስ ብሎ ይዞራል። ድንጋዮቹ ከበርሜሉ ግድግዳ ጋር ወደ ላይ ይወጡና አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ወደ ታች ይመለሳሉ። በመካከላቸው የገባው ፋቂ ዱቄት የእያንዳንዱን ድንጋይ ገጽ በጥቂት በጥቂቱ ይበላል። በርሜሉ ከመጠን በላይ ከፈጠነ ድንጋዮቹ ከመንሸራተት ይልቅ እየወደቁ ይጋጫሉ፤ ይሰነጠቃሉም።

ለመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች የሚያገለግለው ዱቄት ሲሊከን ካርባይድ ነው። ይህን ቁስ በ1891 እ.ኤ.አ. ሰው ሠራሽ በሆነ መንገድ ያገኘው አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቺሰን ሲሆን፣ ካርቦረንደም የሚል ስም ሰጥቶታል። የዱቄቱ መጠን በቁጥር ይገለጻል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ዱቄቱ ሻካራ፣ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ልም ይሆናል። ለመጨረሻው ማንጸባረቂያ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ይመረጣል።

ያልተለሰለሰ ድንጋይ ቅርጹን የሚደብቀው ሻካራ ገጹ ብርሃንን ወደየአቅጣጫው ስለሚበትን ነው። ድንጋዩ ሲረጥብ ውሃው ጥቃቅኑን ጎድጓዳ ስለሚሞላ በውስጡ ያለው ቅሪተ አካል ለጊዜው ይታያል፤ ሲደርቅ ይጠፋል። ማለስለስ ይህን የእርጥብ ድንጋይ መልክ ቋሚ ያደርገዋል። ስለዚህ አንድ ድንጋይ ቢለሰልስ ምን ሊመስል እንደሚችል ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማየት ነው።

የድንጋይ ምርጫ

የማዕድናት ጥንካሬ የሚለካው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሞህስ በ1812 እ.ኤ.አ. ባወጣው ከ1 እስከ 10 ባለው ሚዛን ነው። በዚህ ሚዛን ካልሳይት 3፣ ኳርትዝ 7 ነው። ለማንከባለል የሚቀርቡ ቅሪተ አካሎች በሁለት ዋና ክፍል ይመደባሉ።

በሲሊካ የተተኩ፦ በከርሰ ምድር ውሃ የተሟሟ ሲሊካ የጥንቱን አካል የተካባቸው ናቸው። ጥንካሬያቸው ወደ 7 ስለሚጠጋ ለማሽኑ ይስማማሉ። ከነዚህ ውስጥ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ እንጨት፣ የፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት ይፋዊ ድንጋይ የሆነው አጌትማ ኮራል፣ እንዲሁም ከዋዮሚንግ የሚወጣው ቱሪቴላ አጌት ይገኛሉ። የመጨረሻው ስም የተሰጠው በስህተት ነው። ቱሪቴላ የባህር ቀንድ አውጣ ሲሆን በዚህ ድንጋይ ውስጥ ያሉት ግን ኤሊሚያ ቴኔራ የተባሉ የጨው አልባ ውሃ ቀንድ አውጣዎች ናቸው።

በካልሳይት የተሠሩ፦ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያሉ አብዛኞቹ ኮራሎች፣ ዛጎሎችና የባህር አበባ ግንዶች እዚህ ይመደባሉ። ለስላሳ ስለሆኑ ቶሎ ይፋቃሉ፤ ሲጋጩም ነጭ የምት ምልክት ያወጣሉ።

ሁለቱን በቤት ውስጥ መለየት ይቻላል። የብረት ቢላ ካልሳይትን በቀላሉ ይጭራል፤ ሲሊካን ግን አይጭርም። አቼቶ ጠብ ሲደረግበት ቀስ ብሎ አረፋ የሚያወጣ ድንጋይም ካልሳይት አለው። ሙከራው ቅሪተ አካሉ በማይታይበት ጎን ላይ መደረግ አለበት።

ከጥንካሬው ሌላ የቅሪቱ ጥልቀትም ይታያል። ኮራል በድንጋዩ ውስጥ ዘልቆ የሚሄድ ስለሆነ የላይኛው ገጽ ቢፋቅም ከሥሩ ተመሳሳይ ቅርጽ ይወጣል። በአንጻሩ በድንጋዩ ገጽ ላይ ብቻ የታተመ የቅጠል ወይም የዛጎል አሻራ በመጀመሪያው ደረጃ ሊጠፋ ስለሚችል ለማሽን አይሆንም። አጥንት፣ ጥርስና በጭቃ ድንጋይ ላይ ያሉ ቅሪቶችም እንዲሁ ናቸው።

የሥራው ደረጃዎች

የሚከተለው ቅደም ተከተል በሲሊካ ለተተኩ ጠንካራ ድንጋዮች የተለመደ ነው። በርሜሉ ከግማሽ በላይ፣ እስከ ሦስት አራተኛው ድረስ በተለያየ መጠን ድንጋዮች ይሞላል። ለእያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ድንጋይ 2 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ይጨመራል። ውሃው ከላይኞቹ ድንጋዮች ትንሽ ዝቅ ይላል።

1. ሻካራ ፍቀት፦ ቁጥር 60/90 ሲሊከን ካርባይድ፣ 7 ቀን ወይም ከዚያ በላይ። ድንጋዩ ቅርጹን የሚይዘው እዚህ ነው። ስንጥቅና ጎድጓዳ ያለበት ድንጋይ ወደሚቀጥለው ደረጃ ሳያልፍ ይደገማል።
2. መካከለኛ ፍቀት፦ ቁጥር 150/220፣ 7 ቀን ገደማ።
3. ልም ፍቀት፦ ቁጥር 500/600፣ 7 ቀን ገደማ። ድንጋዩ ሲደርቅ ልሙጥ ይሆናል፤ ገና አያንጸባርቅም።
4. ማንጸባረቅ፦ አሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ 7 ቀን ገደማ።

በየደረጃው መካከል ድንጋዮቹ፣ በርሜሉና ክዳኑ በደንብ ይታጠባሉ። በስንጥቅ ውስጥ የቀረ አንድ የሻካራ ዱቄት ቅንጣት በኋለኛው ደረጃ ድንጋዮቹን ሁሉ ሊጭር ይችላል፤ ስለዚህ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ጠቃሚ ነው። ጥንካሬያቸው የተለያየ ድንጋዮች አብረው አይገቡም፤ ጠንካራው ለስላሳውን ይጨርሰዋል። ድንጋዩ ካነሰ ቦታውን ለመሙላትና ምቱን ለማብረድ የሴራሚክ ወይም የፕላስቲክ ቅንጣቶች ይጨመራሉ።

የፔቶስኪ ድንጋይ

የካልሳይት ቅሪተ አካል ችግር በግልጽ የሚታየው በፔቶስኪ ድንጋይ ላይ ነው። ይህ ድንጋይ በአሜሪካ ሰሜናዊ ሚሺጋን በሐይቅ ዳርቻዎች የሚገኝ ሲሆን ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የክፍለ ግዛቲቱ ይፋዊ ድንጋይ ነው። በውስጡ ያለው ሄክሳጎናሪያ የተባለ ኮራል ነው። ይህ ኮራል የኖረው ከ419 እስከ 359 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረው ዴቮናዊ ዘመን፣ አካባቢው ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ባህር በነበረበት ጊዜ ነው። በድንጋዩ ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ባለስድስት ጎን ቅርጽ የአንድ ትንሽ እንስሳ አጽም ነው። ኋላ የበረዶ ግግር ድንጋዮቹን ከአለታቸው ነቅሎ በትኗቸዋል።

ደረቅ የፔቶስኪ ድንጋይ ከማንኛውም ግራጫ የኖራ ድንጋይ አይለይም። ለማለስለስ በተለመደው የአራት ሳምንት አሠራር ማሽን ውስጥ ከገባ ግን በጣም አንሶ፣ አንዳንዴም ሳያንጸባርቅ ይወጣል። በማሽን መሥራት የሚፈልጉ ሰዎች 60/90ውን ትተው ከልሙ ዱቄት ይጀምራሉ፤ በርሜሉንም በየዕለቱ እየከፈቱ ያያሉ። የተሻለ ውጤት የሚሰጠው የእጅ ሥራ ነው። ድንጋዩ እየረጠበ በቁጥር 220፣ ከዚያ 400፣ ከዚያ 600 ብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። በመጨረሻም ማንጸባረቂያ ዱቄት በነካ እርጥብ ከፋይ ጨርቅ ይወለወላል። በዚህ መንገድ ሠራተኛው ቅርጹ በደንብ የወጣበት ቦታ ላይ ማቆም ይችላል፤ በተዘጋ በርሜል ውስጥ ያለ ድንጋይ ላይ ይህ አይቻልም።

የተለሰለሰ ካልሳይት በኋላም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አቼቶና ሎሚ አንጸባራቂነቱን ያጠፉታል።

የቤትና የጤና ጥንቃቄ

ከበርሜሉ የሚወጣው ጭቃ በቤት ፍሳሽ ቧንቧ መደፋት የለበትም። በቧንቧው ውስጥ ረግቶ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። በባልዲ ተጠራቅሞ ከረጋ በኋላ ዝቃጩ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይጣላል። ጭቃው ከደረቀ አቧራው ሲሊካ ሊኖረው ስለሚችል መተንፈስ አይገባም፤ የሲሊካ አቧራን ለረጅም ጊዜ መተንፈስ ሲሊኮሲስ የተባለ የሳንባ በሽታ ያስከትላል። ድንጋይን በብርጭቆ ወረቀት ሲያሹ ሁልጊዜ ማርጠብ የሚመከረውም ለዚህ ነው። አንዳንድ ድንጋዮች በበርሜሉ ውስጥ ጋዝ ስለሚፈጥሩ ክዳኑን በየጊዜው ከፍቶ ማስተንፈስ ያስፈልጋል። ሞተሩ ሌት ተቀን የሚሠራ በመሆኑ ማሽኑ ከሚቃጠል ነገር ርቆ፣ አየር በሚገባበት ቦታ ይቀመጣል።

ሳይንሳዊ ዋጋና ሕግ

ማለስለስ የቅሪተ አካሉን የውጭ ገጽ ያጠፋል። ዝርያን ለመለየት የሚያገለግሉት ጥቃቅን ምልክቶች ብዙ ጊዜ ያሉት በዚሁ ገጽ ላይ ነው። ድንጋዩ የተገኘበት ቦታና የአለት ንጣፍ ካልተመዘገበ ደግሞ ዕድሜውን ማወቅ ያስቸግራል። በ1974 እ.ኤ.አ. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ የታወቀችው መሬት ላይ በታየ አነስተኛ የክንድ አጥንት ስባሪ ነው፤ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜዋም የተሰላው ከተገኘችበት ንጣፍ ነው። በመሆኑም ለማሽን ተስማሚ የሚባለው በብዛት የሚገኝ፣ ከአለቱ ተነቅሎ የተንከባለለና ቀድሞውኑ የተፋቀ ድንጋይ ነው። ያልተለመደ፣ የተሟላ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ቅሪት እንዳለ ይቀመጣል፤ ለባለሙያም ይታያል።

መሰብሰብ በየአገሩ ሕግ የተገደበ ነው። በሚሺጋን ከክፍለ ግዛቲቱ ይዞታ አንድ ሰው በዓመት መውሰድ የሚችለው 25 ፓውንድ፣ ማለትም 11.3 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በአሪዞና ፔትሪፋይድ ፎረስት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ እንጨት ማንሳት ጨርሶ ክልክል ነው። በኢትዮጵያ በትግራይና በዓባይ ሸለቆ ያለው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ የጁራሲክ ዘመን የባህር እንስሳት ቅሪት የያዘ ነው። የባህል ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም እንዲያሳውቅ ያዝዛል።