ያገለገለ «ኤሌፋንት» ስለ መግዛት፤ የአንድ የኢጣልያ ሞቶር ሳይክል ታሪክ ለገዢው የሚሰጠው ማስረጃ

ያገለገለ ሞቶር ሳይክል የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ዋጋው ስንት ነው? ስንት ኪሎ ሜትርስ ሄዷል? ካጂቫ የተባለው የኢጣልያ ፋብሪካ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት ለምድረ በዳና ለረጅም ጕዞ የሠራውን፣ ስሙም ዝሆን ማለት የሆነውን «ኤሌፋንት»ን ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ግን እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አይበቁትም። የዚህ ሞቶር ሳይክል ደግነቱም ሆነ ጉድለቱ የመነጨው ከፋብሪካው ታሪክ ስለሆነ ገዢው እንደ ታሪክ ተመራማሪ ማስረጃ መመርመር አለበት፤ የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ማስረዳት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው በሰሜን ኢጣልያ በቫሬዜ ሐይቅ ዳር፣ ስኪራና በተባለው ስፍራ ነው። በዚያ ይሠራ የነበረው የማኪ ኩባንያ በ1913 የተቋቋመ የአውሮፕላን ሠሪ ነበር። ከውሃ ላይ ከሚነሡት አውሮፕላኖቹ በአንደኛው ፍራንቼስኮ አጄሎ በጥቅምት ወር 1934 በሰዓት 709 ኪሎ ሜትር በርሮ የዓለምን የፍጥነት ወሰን ሰብሯል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኩባንያው ኤርማኪ በሚል ስም ሞቶር ሳይክል ወደ መሥራት ገባ። በ1960 የአሜሪካው ሃርሊ ዴቪድሰን ግማሹን ድርሻ ገዛ፤ ኋላም የሞቶር ሳይክሉን ሥራ ጠቅልሎ ያዘው። በ1978 አሜሪካኖቹ ትተውት ሲወጡ ፋብሪካውን የገዙት ክላውዲዮና ጃንፍራንኮ ካስቲሊዮኒ የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። አባታቸው ጆቫኒ በ1950 በቫሬዜ ከተማ ጥቃቅን የብረት ዕቃ የሚሠራ ድርጅት አቋቁሞ ነበርና፣ ካጂቫ የሚለው ስም የተገኘው ከአባትየው ስምና ከከተማው ስም መጀመሪያ ፊደላት ነው።

ወንድማማቾቹ ትንንሽ ሞቶሮችን አሳምረው ይሠሩ ነበር፤ ትልቅ ሞቶር ግን አልነበራቸውም። ከቫሬዜ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በቦሎኛ ደግሞ ዱካቲ የተባለው ፋብሪካ ነበር። በ1926 የራዲዮ ዕቃ ለመሥራት የተመሠረተው ይህ ፋብሪካ፣ በኋላ ወደ ሞቶር ሳይክል ተዛውሮ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በመንግሥት እጅ ሆኖ ገንዘብ አጥቶ ይንገዳገድ ነበር። ይሁን እንጂ ፋቢዮ ታሊዮኒ የተባለው መሐንዲስ የሠራው «ፓንታ» የተሰኘ ታላቅ ሞቶር ነበረው። በአንደኛው ወገን ገንዘብ፣ በሌላው ወገን ሞቶር ሲኖር ስምምነቱ የሚያስቸግር አይመስለኝም። በ1983 ዱካቲ ለካጂቫ ሞቶር እንዲያቀርብ ውል ተፈረመ፤ በ1985 ደግሞ ካጂቫ ዱካቲን ራሱን ገዛው። «ኤሌፋንት» የዚህ ውል ልጅ ነው፤ አካሉ ከቫሬዜ፣ ልቡ ከቦሎኛ።

ይህ ሞቶር ሁለት ሲሊንደር ሲኖረው እነርሱም በ90 ዲግሪ ተራርቀው የተቀመጡ ናቸው። በሌሎች ሞቶሮች ቫልቭን መልሶ የሚዘጋው ሞላ ሲሆን፣ በዚህ ግን አንድ ክንድ ይከፍተዋል፣ ሌላ ክንድ ይዘጋዋል። የቫልቮቹን ዘንግ የሚያዞረው ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ፣ ማለትም መካኒኮቻችን ቺንጋ የሚሉት ነው። ይህን ቀበቶ አንባቢው ያስታውስልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

«ኤሌፋንት» የሚለው ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በዚሁ ስም 125 ሲሲ የሆነ፣ የቦሎኛ ሞቶር የሌለው ትንሽ ሞቶር ሳይክል ተሽጧል። በኢጣልያ ከ350 ሲሲ በላይ በሆነ ሞቶር ሳይክል ላይ ከፍ ያለ ግብር ይከፈል ስለነበረም የዱካቲ ሞቶር ያለው ባለ 350 ተሠርቷል፤ አካሉ ትልቅ፣ ጉልበቱ ግን ትንሽ ነው። ሰዎች ዛሬ አጥብቀው የሚፈልጉት ባለ 650ውን፣ ከ1987 ጀምሮ የተሸጠውን ባለ 750ውንና ከሁሉ በላይ በ1990 የወጣውን ባለ 900ውን ነው።

ይህን ፍላጎት የቀሰቀሰው ከፓሪስ እስከ ዳካር ይደረግ የነበረው እሽቅድምድም ነው። በ1981ና በ1983 በሌላ ፋብሪካ ሞቶር ሳይክል ያሸነፈው ፈረንሳዊው ኡበር ኦሪዮል ከ1985 ጀምሮ ለካጂቫ ይጋልብ ነበር። በጥር 1987 ሰሃራን አቋርጦ፣ ዳካር ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አንደኛ ሆኖ እየመራ ሳለ ከግንድ ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቹ ተሰበሩ። እንዲህም ሆኖ ተመልሶ ተቀመጠና እስከ ዕለቱ መድረሻ ድረስ ነዳ፤ ከዚያ በኋላ ግን መቆም አልቻለም። ድሉ በሆንዳ ለተቀመጠው ለሲሪል ኔቩ ሆነ። በእኔ አስተያየት ካጂቫ በኋላ ካገኛቸው ድሎች ይልቅ የ«ኤሌፋንት»ን ስም በሰው ልብ ያተመው ይህ ሽንፈት ነው። ድሉም አልቀረም፤ በ1990ና በ1994 ኢጣልያዊው ኤዲ ኦሪዮሊ (ከኦሪዮል ጋር የስም መመሳሰል እንጂ ዝምድና የለውም) በዚሁ ሞቶር ሳይክል አሸንፏል።

በዚያ ዘመን የቡድኑን ወጪ ይረዳ የነበረው የላኪ ስትራይክ ሲጋራ ኩባንያ ስለነበር፣ ለሕዝብ የሚሸጠውም ባለ 900 «ላኪ ኤክስፕሎረር» የሚል ጽሕፈትና የቡድኑን ቀለም ይዞ ወጣ። የገዢው ፈተና ከዚህ ይጀምራል። ኦሪዮሊ በምድረ በዳ የነዳው ለእሽቅድምድም በልዩ እጅ የተሰናዳ ሲሆን፣ በሱቅ የተሸጠው ግን ለሰው ሁሉ የተሠራ ነበር፤ ቀለማቸው አንድ ስለሆነ አንድ አይሆኑም። ቀለምና ጽሕፈት ደግሞ ዛሬም ታዝዞ የሚለጠፍ ነገር ነው። ተራው «ኤሌፋንት» ቀለም ተቀብቶ በውድ ዋጋ ሊቀርብ ስለሚችል፣ ስለ ቀለሙ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ብራናው አሮጌ ስለ መሰለው ብቻ መጽሐፉ ጥንታዊ ነው ብሎ እንደሚፈርድ ተማሪ ነው።

ለገዢው ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የ1996ቱ ጉዳይ ነው። ካጂቫ ብዙ ፋብሪካ ገዝቶ ገንዘብ ስላጠረው፣ ለዕቃ አቅራቢዎችም መክፈል ስላቃተው፣ ከዱካቲ ድርሻ 51 ከመቶውን ቴክሳስ ፓሲፊክ ግሩፕ ለተባለ የአሜሪካ ድርጅት ሸጠ። የቀረውንም በ1998 ለቀቀ። በ1998 «ኤሌፋንት»ን የተካው «ግራን ካንየን» የዱካቲን ሞቶር እንደያዘ ቢቀጥልም፣ በ2000 የወጣው «ናቪጌተር» ግን የሱዙኪ ሞቶር ተገጠመለት። አካሉና ልቡ በዚህ ተለያዩ። ውጤቱ እስከ ዛሬ ይታያል፤ ዱካቲ የዚህን ሞቶር ዘሮች በሌሎች ሞቶር ሳይክሎች ላይ ለብዙ ዓመታት ሲገጥም ስለኖረ ቺንጋው፣ የፍሪሲዮኑ ሸራና የዘይቱ ማጣሪያ ያለ ብዙ ድካም ይገኛሉ። የጎን መሸፈኛው፣ ሰርባትዮውና የፊት መብራቱ ማቀፊያ ግን የቫሬዜ ሥራ ስለሆኑ ከተሰበሩ ምትካቸው የሚገኘው ከሌላ አሮጌ «ኤሌፋንት» ላይ ነው። ስለዚህ ሞቶሩ የደከመ፣ አካሉ ግን የተሟላውን መግዛት፣ ሞቶሩ ጤነኛ ሆኖ አካሉ ከተሰባበረው ይሻላል እላለሁ። ብዙ ሰው በተቃራኒው ያስባል።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። የሻሲውና የሞቶሩ ቊጥር ከመዝገቡ ወረቀት ጋር መተያየት አለባቸው፤ በኢጣልያ ሃያ ዓመት ለሞላው ተሽከርካሪ በ1966 የተመሠረተው የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ማኅበር (አሲ) ምስክር ወረቀት ስለሚሰጥ ሻጩ ካለው ያሳይ። የኪሎ ሜትር ቈጣሪው ምስክርነት ደካማ ነው፤ በዚያ ዘመን በሽቦ የሚዞር ስለነበር ሽቦው ተፈትቶ በነበረበት ጊዜ የተነዳውን አይናገርም። ከእርሱ ይልቅ የጥገና ደረሰኝ ይታመናል። ቺንጋው በየሁለት ዓመቱ ወይም በየ20,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲለወጥ ይመከራል። ሞቶር ሳይክሉ ሳይነዳ ቢቆምም ጎማው ያረጃልና፣ «አሥር ዓመት ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ነበር» የሚለው የሻጭ ውዳሴ በትክክል ሲታይ ማስጠንቀቂያ ነው። ቺንጋው እየሠራ ሳለ ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስቶን ጋር ተጋጭተው ይጣመማሉ። እያንዳንዱ ቫልቭ የሚከፍተውም የሚዘጋውም ክንድ ስላለው የሚለካው ክፍተት በጠቅላላው ስምንት ነው፤ ይህን የሚያውቅ መካኒክ በአቅራቢያ መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

በመካከሉ አንድ ነገር ልጨምር። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ሰርባትዮ እያልን የምንጠራቸው ስሞች ከኢጣልያንኛ የመጡ ስለሆኑ፣ የፋብሪካውን የኢጣልያንኛ መጽሐፍ የሚገልጥ የአገራችን መካኒክ ስዕሉን እያየ ብዙውን ቃል ያውቀዋል።

ክላውዲዮ ካስቲሊዮኒ በ2011 ዐረፈ። የስኪራናው ፋብሪካ ኤም ቪ አጉስታ በሚል ስም ሥራውን ቀጥሎ፣ በ2021 በሚላኖ በተደረገው የሞቶር ሳይክል ትርዒት ላይ «ላኪ ኤክስፕሎረር» የሚለውን ስም ከአሮጌው ቀለም ጋር እንደገና አውጥቶ ሁለት አዲስ የምድረ በዳ ሞቶር ሳይክሎች አሳየ። በሁለቱም ላይ የቦሎኛ ሞቶር አልነበረም።